እውነት ወይስ ተረት? ከሜዳ ዳር የለቀምኳቸው የጉዳት ወሬዎች

የማስተርስ ጥናቴ መሣሪያ አንድ ባለ መስመር ደብተር፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ የላስቲክ ወንበር ነው። ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲያችን ሜዳ ዳር ተቀምጬ ማን እንደተጎዳ፣ የቱ ጋ እንደተጎዳ፣ ሰው ነክቶት ይሁን ሳይነካው፣ በስንት ቀኑ ወደ ልምምድ እንደተመለሰ እጽፋለሁ። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ላይ ለአስተዳደሩ ወሬ የማቀብል መስሏቸው ይሸሹኝ ነበር። አሁን «ዶክተር» ይሉኛል። ሐኪም እንዳልሆንኩ ብነግራቸውም የሚሰማኝ የለም።

ደብተሩ ለጉዳት መመዝገቢያ ቢገዛም ኅዳጉ በሌላ ነገር ሞልቷል። አንድ ልጅ በወደቀ ቁጥር በሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። «አልተለጠጠም»፣ «ጫማው ነው»፣ «ላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ ነው»፣ «ዓይን ነው፤ ባለፈው ጎል ሲያገባ እንዴት እንዳዩት አላየህም?» እነዚህንም መጻፍ ጀመርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሳያቸው ከጉዳቱ መዝገብ የማያንስ ቁም ነገር አገኘሁባቸው። ተጫዋቹ ልምምድ ሲመጣ የሚያደርገውንና የማያደርገውን የሚወስኑት እነዚህ ወሬዎች ናቸውና።

«የመጣ አይቀርም፤ ጉዳት የዕድል ነገር ነው»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ኮች ናቸው፤ ደግሞም አይፈረድባቸውም። ከአንድ ልጅ ጋር አብሮ ለሚጨነቅ ሰው ጉዳት ሁልጊዜ ድንገተኛ ነው። ሜዳው ላይ ያለችው አንዲት ጉድጓድ ከሃያ ሁለት ሰው መርጣ አንዱን ትይዛለች። ይህን ዕድል ካላሉት ምን ይሉታል?

ብዙ ሺህ ሰው ሲቆጠር ግን ዕድል የተባለው ነገር መልክ ያወጣል። የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ከ1982 ጀምሮ የተማሪ ስፖርተኞችን ጉዳት ይመዘግባል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መለኪያው ቀላል ነው። አንድ ተጫዋች አንድ ልምምድ ሲሠራ ወይም አንድ ግጥሚያ ሲጫወት አንድ ጊዜ ለጉዳት ተጋለጠ ይባላል፤ ጉዳቱም በየሺው መጋለጥ ይሰላል። ከ1988 እስከ 2004 የተሰበሰበው የ15 ስፖርቶች መዝገብ ሲጠቃለል በግጥሚያ 13.8፣ በልምምድ 4.0 ሆነ። ከጉዳቱ ከግማሽ በላይ የሆነው እግር ላይ ነው። ከሁሉም በልጦ የተገኘው ደግሞ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው።

እኔን ያስቆመኝ ግን ከዚያው መዝገብ ውስጥ ያለ ሌላ ቁጥር ነው። የልምምድ ጉዳት ከውድድሩ ዘመን በፊት ባለው የዝግጅት ጊዜ 6.6 ነበር፤ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ወደ 2.3 ይወርዳል፤ በመጨረሻዎቹ የማጣሪያ ሳምንታት 1.4 ይሆናል። ተጫዋቹ ያው ነው፤ ሜዳው ያው፣ ጫማውም ያው። ዕድል ቢሆን ኖሮ ወር ቆጥሮ አይመጣም ነበር። የተለየው ነገር በእረፍት ተኝቶ የከረመ እግር ድንገት በቀን ሁለት ጊዜ ሩጥ መባሉ ነው።

እኛ ጋ ውድድር መኖሩ የሚታወቀው ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ደብዳቤው የሚመጣው ደግሞ ሁለት ሳምንት ሲቀር። ከዚያ ጠዋትም ማታም ልምምድ ይሆናል፤ ኳስ ካየ ወር ያለፈው ልጅ በአንድ ቀን ሠላሳ ጊዜ ወደ ጎል ይተኩሳል። በደብተሬ ላይ በጽሑፍ የጠቆሩት ገጾች የእነዚያ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ይህን ለኮች ሳሳያቸው «ታዲያ ደብዳቤውን እኔ ነኝ የምጽፈው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ሳትለጠጥ ከገባህ ጡንቻህ ይበጠሳል»

በእኛ ሜዳዎች ላይ ከጸሎት ቀጥሎ የሚከበረው ሥርዓት ይህ ነው። ክብ ሠርቶ መቆም፣ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መንካት፣ አንድ እግር ወደ ኋላ አጥፎ በእጅ ይዞ እንደ ሳቢሳ በአንድ እግር መቆም፣ አምበሉ ጮክ ብሎ እስከ አሥር ሲቆጥር መጠበቅ። እኔም በተጫዋችነቴ ዘመን ለዓመታት ቆሜያለሁ። ያልተለጠጠ ሰው ከተጎዳ ሁሉም ያስታውሰዋል። ተለጥጦ የተጎዳውን ግን ማንም አይቆጥርም፤ ወሬው ሳይሞት የኖረውም በዚህ ይመስለኛል።

ነገሩን ከፈተሹት ጥናቶች አንዱ በ2000 የታተመው የአውስትራሊያው ነው። አዲስ የተመለመሉ 1,538 ወታደሮች በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ከልምምድ በፊት ሲያሟሙቅ ስድስት የእግር ጡንቻዎችን እያንዳንዳቸውን ለ20 ሰከንድ ይለጥጣል፤ ሁለተኛው ያሟሙቃል እንጂ አይለጥጥም። ይህ ለ12 ሳምንት ቀጠለ። ከለጠጡት 735 ወታደሮች 158 የእግር ጉዳት ተመዘገበ፤ ካልለጠጡት 803 ወታደሮች 175። በመቶኛ ሲሰላ አንዱ 21.5፣ ሌላው 21.8 ይሆናል። አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተለጠጠው ለዚችው ልዩነት ነበር።

ጉዳትን አስቀድሞ የጠቆመው ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። በ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ፣ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ሁሉ ቢፕ ቴስት ብሎ በሚፈራው ፈተና፣ ዝቅተኛ ውጤት የነበረው ሰው በብዛት ተጎዳ። አቅም ሳይገነባ መለጠጥ ብቻውን ሰውየውን አላዳነውም።

«ቢያንስ በማግሥቱ ሰውነት እንዳይቆረጥም ይረዳል» የሚል ይኖራል። በ2002 የታተመ አንድ ግምገማ ይህንንም መርምሮ ነበር። ሕመሙን ከዜሮ እስከ መቶ በተሰመረ መስመር ላይ ለኩት፤ መለጠጥ የቀነሰው ከ2 ነጥብ ያነሰ ነበር። የታመመ ሰው ልዩነቱን ልብ የሚለው አይመስለኝም።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? በ2014 የዴንማርክ ተመራማሪዎች በድምሩ 26,610 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 25 ሙከራዎች አንድ ላይ አስቀምጠው አመሳከሩ። መለጠጥ ጉዳት አልቀነሰም። የሚዛን ልምምድ ጉዳቱን ወደ ግማሽ ገደማ አወረደው። የጡንቻ ጥንካሬ ልምምድ ደግሞ ከሲሶ በታች አደረሰው። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳነብ ወደ ኋላ ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። ሁሉም የሚሠራው ሳያድን፣ ማንም የማይሠራው አዳነ ማለት ነው።

ይህን ስል መለጠጥ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ያለ እሱ አትሆንም፤ ደስ የሚለው ሰውም ማታ ዶርሙ ውስጥ ይለጠጥ። ግን አንድን ጡንቻ ከደቂቃ በላይ ወጥሮ መያዝ ጉልበቱን ለጊዜው ስለሚቀንሰው፣ ከፍጥነት ሩጫ ወይም ከዝላይ በፊት ቦታው አይደለም። ማሟሟቅና መለጠጥ አንድ ነገር አለመሆናቸውም ይታወቅ። ማሟሟቅ መንቀሳቀስ ነው፦ ቀስ ብሎ መሮጥ፣ መዝለል፣ አቅጣጫ መቀየር፣ ልብን ማስነሣት። ቆሞ እስከ አሥር መቁጠር ሌላ ነው፤ በማለዳ ብርድማ ጭራሽ ሰውነት ያቀዘቅዛል።

«ወጌሻ ቶሎ ካሸው ቶሎ ይድናል»

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ልሂድ። ወጌሻ በእኛ ዘንድ የተከበረ ሙያ ነው። በኳስ ዘገባ ላይ እንኳ ለቡድን ሕክምና ባለሙያው የምንሰጠው ስም እሱ ነው፤ «ወጌሻው ወደ ሜዳ እየገባ ነው» ይላል ጋዜጠኛው፣ የገባው በፊዚዮቴራፒ የተመረቀ ቢሆንም። የእኛን ቡድን የሚረዱት ስልሳ ያለፋቸው፣ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። ተጫዋቾቹ «ፋዘር» ይሏቸዋል። የወጣ የጣት አጥንት ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጁ «ወይኔ» ብሎ ሳይጨርስ አልቆ ነበር።

ሆኖም አዲስ የተቀደደ ጡንቻ ወይም ጅማት ውስጡ እየደማ ነው። በዚያ ሰዓት በቅባት አጥብቆ ማሸት፣ በሙቅ ጨርቅ መተኮስ ደሙን ይጨምረዋል፤ እብጠቱም ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸትም ሙቀትም አይመከርም። በተለይ ጭኑን በጉልበት ተመትቶ ደም የቋጠረ ተጫዋች በኃይል ከታሸ፣ የቋጠረው ደም በጡንቻው ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ የሁለት ሳምንት ጉዳት የወራት ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ስብራት ሆኖ ሳለ ወለምታ ተብሎ በቀርከሃ ተጠፍሮ የሚታሰረው ነው። ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም ወደ ታች መውረዱን ያቆማል፤ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ይጠቁራሉ። በአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እግር ወይም እጅ እስከ መቁረጥ የደረሱ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ሕፃናት፣ ታክመዋል።

እንግዲህ የወለምታና የስብራት ልዩነት ያለ ራጅ እንዴት ይታወቃል? በካናዳ ኦታዋ ያሉ ሐኪሞች በ1992 ለዚሁ ቀላል መመሪያ አወጡ። ያሰቡት ለማያስፈልገው ሰው ራጅ እንዳይታዘዝ ነበር፤ ራጅ ለሌለው ሜዳ ግን ከዚያ የበለጠ ጠቀመ። ተጫዋቹ ያለ ድጋፍ አራት እርምጃ መራመድ ያቅተዋል? በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት የአጥንት ጉብታዎች የኋላ ጠርዛቸው ወይም ጫፋቸው በጣት ሲጫን አጥንቱ ራሱ ያማል? ከእግሩ መካከል በስተውስጥ ያለው አጥንት ወይም በስተውጭ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ያለው ጉብታስ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ወደ ራጅ ይሄዳል። አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ነገር እጅግ ጠባብ ነው። ብዙ ጥናቶች ይህን ሲፈትኑት የሚያመልጠው ስብራት ከስንት አንድ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህንን ለፋዘር በአንድ ወረቀት ላይ ሥዕል ጨምሬ ወሰድኩላቸው። አዩት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። «ልጄ፣ እጄ የሚያውቀውን ወረቀት ላይ አልፈልገውም» አሉኝ። ከዚያ ሻይ ጋበዙኝ።

በረዶስ? አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚለውን መመሪያ ለዓለም አስተዋወቀ፤ ከሦስት ዓሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ በረዶ ፈውስን ሊያዘገይ ይችላል ብሎ የራሱን ምክር አሻሻለ። በረዶ ሕመም ያስታግሣል፤ ያንን ያህል ይበቃዋል። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ በረዶ የሚባለው ከካፌው ማቀዝቀዣ የወጣ የውሃ ጠርሙስ ስለሆነ ክርክሩ ብዙም አያገባንም።

«ሕመሙ ከጠፋ ድኗል»

ከሁሉም ተረት አብዝቼ የምፈራው ይኼ ነው፤ የሚናገረው ተጫዋቹ ራሱ ነውና። የሚቀጥለውን ጉዳት ከሚጠቁሙ ነገሮች ሁሉ አስተማማኙ የቀደመው ጉዳት ነው። ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት እብጠቱ በሳምንት ይሄዳል፤ የጠፋው ግን ሌላ ነው። ጅማቱ ውስጥ እግር የት እንዳለ ለአንጎል የሚናገሩ ሕዋሳት አሉ፤ እነሱ ሲጎዱ እግሩ ሜዳው ላይ ያለችውን ጉብታ ዘግይቶ ይሰማል። የዘገየው በዓይን ጥቅሻ ነው፤ ለመውደቅ ግን ይበቃል።

መድኃኒቱ አስቂኝ ሊመስል ይችላል፤ በአንድ እግር መቆም ነው። በ2004 በሆላንድ በመረብ ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተሠራ ጥናት በተንቀሳቃሽ ጣውላ ላይ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ወለምታን እንደቀነሰ አሳይቷል፤ የጠቀመው ግን ቀድሞ ወለም ላላቸው ነው። ጣውላው ባይኖር ፍራሽ ላይ ይቻላል። እኔ ጥርስ ስትቦርሹ በአንድ እግር ቁሙ እላቸዋለሁ። ሁለት ልጆች ይሠሩታል፤ የዶርም ጓደኞቻቸው ይስቁባቸዋል።

በጉልበት ጅማት መበጠስ ላይ ትዕግሥት ማጣት የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ በቁጥር ታውቋል። በአሜሪካዋ ደላዌርና በኖርዌይ ኦስሎ 106 ታካሚዎችን ሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2016 እንዳሳየው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት እንደገና የመጎዳትን ዕድል በ51 በመቶ ይቀንሰዋል። እኛ ጋ ግን «ስድስት ወር ሞላህ እኮ፤ ምን ትጠብቃለህ?» ነው የሚባለው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሦስት ወር አለ፤ በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዋንጫ አለ።

ጫማ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ዓይን

እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው። የእግርን ቅርጽ እየለኩ ለእያንዳንዱ የሚስማማ የሩጫ ጫማ መስጠትን የአሜሪካ ጦር በእግረኛው፣ በአየር ኃይሉና በባሕር እግረኛው ምልምሎች ላይ ሞክሮታል፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ ከመስጠት የተለየ ጉዳት አልቀነሰም። የተቀደደ ጫማ ይቀየር፤ በውድ ጫማ ጉልበት ይጠበቃል ብሎ የተማሪ ኪስ ማራቆት ግን አያስፈልግም። ቀዝቃዛ ውሃ ጡንቻ አይበጥስም። ዓይንን በተመለከተ የምለካበት መሣሪያ የለኝም።

«ሴት ልጅ ጉልበቷ ለኳስ አልተፈጠረም»

ተረት ሁሉ ከምንም አይነሣም፤ ይህኛው ግማሽ እውነት ይዟል፤ አደገኛ ያደረገውም እሱ ነው። በኮሌጅ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ሴቶች የፊተኛውን የጉልበት መስቀለኛ ጅማት የሚበጥሱበት መጠን በዚያው ስፖርት ካሉ ወንዶች ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ከዚያ በመነሣት «እንግዲያው አይጫወቱ» ማለት ግን መንገዱን መሳት ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳት ማንም ሳይነካቸው የሚደርስ ነው፤ ከዝላይ ሲያርፉ ወይም ድንገት ሲታጠፉ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጅማቱ ይበጠሳል። አስተራረፍ ደግሞ የሚሠለጠንበት ነገር ነው፤ ድመት ከግንብ ላይ ስትወርድ እንደምታደርገው ጉልበትን አጥፎ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ጉልበትን በእግር ጣት አቅጣጫ አድርጎ ማረፍ።

በ2008 የታተመ ጥናት ይህን በአሜሪካ አንደኛ ዲቪዚዮን የሴቶች ኮሌጅ ቡድኖች ላይ ፈተነ። 61 ቡድኖች፣ 1,435 ተጫዋቾች። ገሚሶቹ ቡድኖች በሳምንት ሦስት ጊዜ የማረፍ፣ የጥንካሬና የመታጠፍ ልምምድ ያለበትን ማሟሟቂያ ሠሩ፤ ሌሎቹ የለመዱትን ቀጠሉ። በልምምድ ሰዓት ከሠሩት መካከል ጅማቷ የተበጠሰ አንዲትም አልነበረችም፤ ካልሠሩት ስድስት። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ የዘመኑ ሁሉ ድምር ሲታይም ልዩነቱ ከአጋጣሚ በእርግጠኝነት የሚለይ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን ጽፈውታል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ሙከራዎች ወደዚያው አቅጣጫ ጠቁመዋል።

እኛ ጋ የሴቶቹ ቡድን ልምምድ የሚሠራው ወንዶቹ ከጨረሱ በኋላ፣ ሲመሽ፣ ሜዳው ሲበላሽ ነው። ጉልበታቸው ላይ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ሰዓታቸውን መለወጥ ይቀድማል ባይ ነኝ፤ የጥናቴ ርዕስ ግን ይህን አይሸፍንም ተብያለሁ።

«ፈተናና ኳስ ምን አገናኛቸው?»

ስለ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ስንነጋገር የተማሪ ስፖርተኛ መጀመሪያ ተማሪ መሆኑን እንረሳለን። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ 101 የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን ሳምንት በሳምንት የተከታተለ ጥናት በ2016 ታትሟል። ፈተና በሚበዛባቸው ሳምንታት ጉዳቱ ከፍ አለ፤ ለዋነኞቹ ተሰላፊዎች የፈተናው ሳምንት ከከባዱ የቅድመ ውድድር ልምምድ የሚተናነስ አልነበረም። የስፖርቱ ሰው ጫና ሲል ኪሎና ኪሎሜትር ይቆጥራል፤ ሰውነት ግን የሚድ ፈተናን፣ የገንዘብ ችግርንና ከቤት የመጣን መጥፎ ወሬ ለይቶ አያውቅም።

እንቅልፍም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በ2014 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከስምንት ሰዓት በታች የሚተኙ ታዳጊ ስፖርተኞች ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ይልቅ 1.7 ጊዜ የበለጠ ለጉዳት ተጋልጠው ተገኝተዋል። በስታንፎርድ ደግሞ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት በየሌሊቱ አሥር ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ፤ የነፃ ውርወራቸው 9 በመቶ ተሻሻለ። አሥር ሰዓት! ይህን ስድስት ሰው በሚያድርበት ዶርም፣ አንዱ ሲቸክል አንዱ ስልክ ሲያወራ፣ ጫት ቅሞ ሲነጋ ለሚተኛ ልጅ ስነግረው እንደ ሰርግ ወሬ ነበር የሰማኝ። ስድስትን ወደ ሰባት ማድረስ ግን ይቻላል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ስልኩን ከትራስ ማራቅ ብቻ ነው።

«ይኼ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው»

ጂም የለንም፣ ፊዚዮ የለንም፣ ሣር እንኳ የለንም። ሦስቱም እውነት ነው። ከዚያ የሚወሰደው መደምደሚያ ግን ሐሰት ነው።

ፊፋ ከኦስሎና ከሳንታ ሞኒካ ተመራማሪዎች ጋር ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የሚባል ማሟሟቂያ አለ። 15 እንቅስቃሴ፣ 20 ደቂቃ፣ አንድ ኳስና ጥቂት ኮኖች፤ ኮን ከሌለ ድንጋይ። ስምንት ደቂቃ ሩጫ፣ አሥር ደቂቃ ጥንካሬ፣ ሚዛንና ዝላይ፣ ሁለት ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። በ2012 የውድድር ዘመን በአሜሪካ የወንዶች ኮሌጅ እግር ኳስ 61 ቡድኖች በዕጣ ተከፍለው ተሞከረ። ከሠሩት 27 ቡድኖች 285 ጉዳት፣ ካልሠሩት 34 ቡድኖች 665 ጉዳት ተመዘገበ፤ በቡድን ሲካፈል 10.6 ለ19.6 ገደማ ይመጣል። ይህ ሀብታም አገር ነው ለሚል ሌጎስ አለችለት። በናይጄሪያ የሌጎስ ታዳጊዎች ሊግ 20 ቡድኖችና 416 ተጫዋቾች ያሉበት ሙከራ በ2014 ታትሟል፤ መሪው ኦሉዋቶዮሲ ኦዎዬ የሚባል ናይጄሪያዊ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ጉዳቱ 41 በመቶ ቀነሰ።

ከቋንጃ በላይ ላለው የኋላ ጭን ጡንቻ ደግሞ ከዚህም የቀለለ አለ፤ ስሙ «ኖርዲክ» ነው። ትንበረከካለህ፤ ጓደኛህ ከኋላህ ሆኖ ቁርጭምጭሚቶችህን መሬት ላይ ይጫናል፤ ወገብህን ሳታጥፍ ቀስ እያልክ ወደ ፊት ትወድቃለህ፤ እስከምትችለው ድረስ በኋላ ጭንህ ትይዘዋለህ፣ ሲያቅትህ በእጅህ ታርፋለህ። በዴንማርክ 942 ተጫዋቾች ያሉባቸው 50 ቡድኖች ላይ በ2011 የታተመው ሙከራ እንዳሳየው፣ ካልሠሩት 52 የኋላ ጭን ጉዳት ሲመዘገብ ከሠሩት 15 ብቻ ሆነ። ዋጋው አንድ ጓደኛ ነው። እርግጥ በመጀመሪያው ሳምንት በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቅታል፤ ልጆቹ የሚተዉትም ያኔ ነው። ስለዚህ በጥቂቱ መጀመር አለበት፦ ሁለት ዙር፣ አምስት አምስት።

ኮችን «ሃያ ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሃያ ደቂቃ ካለኝ ቅጣት ምት አለማምዳለሁ።»

«ለሦስት ሳምንት ብቻ።»

ተስማሙ። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ተሠራ፤ በአራተኛው ቀን አሥራ ሁለት። በሁለተኛው ሳምንት አምበሉ ኖርዲኩን ዘሎ ክብ አሠርቶ እስከ አሥር ሲቆጥር ደረስኩ። በኖርዌይ ታዳጊ ሴቶች ላይ በተሠራው ጥናት ፕሮግራሙን በትጋት የሠሩት መካከለኛ ትጋት ካላቸው ይልቅ ጉዳታቸው በ35 በመቶ ያነሰ ነበር። ስለዚህ አሁን በደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ማን ስንት ደቂቃ እንደሠራ የምጽፍበት። ከጉዳቱ ዓምድ ይልቅ ለማየት የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ተከላካይ ኳስ በጭንቅላቱ ገጭቶ ሲያርፍ በሰው እግር ላይ ወደቀ። ፋዘር ቀድመውኝ ደረሱ። ቅባቱን ከኪሳቸው አላወጡም። ልጁን በብብቱ ገብተው አነሡትና ለቀቁት፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተቀመጠ። በአውራ ጣታቸው የውጩን ጉብታ ከኋላው ጫን አሉት፤ ልጁ ጮኸ። ዞር ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«አራት አልሞላም» አሉኝ፤ «ባጃጅ ጥራ።»